ብዙ ክፍያ በአንድ ገቢ ላይ፦ ከላስታ መቀናጆ የሚቀሰም ትምህርት

የአንድ ኅብረተሰብ የኑሮ ደረጃ የሚለካው በአደባባይ በሚታየው ሕንፃና መንገድ ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው፣ ወር ባለቀ ወይም አዝመራ በገባ ቁጥር አንድ ቤተሰብ ያገኘውን ገቢ ከማይቀሩት ክፍያዎች ጋር ሲያስተያይ በእጁ በሚተርፈው ወይም በሚጎድለው ነው። የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የመድኃኒት፣ የወፍጮ፣ የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያና የቅሬ መዋጮ «ለዚህ ወር ይለፈኝ» ቢሏቸው የሚያልፉ አይደሉም። በአንድ ሰው ደመወዝ ወይም በአንድ አዝመራ የሚተዳደር ቤት እነዚህን ሁሉ በምን ሊቋቋም ይችላል? የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው።

መልሱ በገቢው ማነስ ብቻ ተብራርቶ የሚያበቃ አይደለም። ገቢው ማነሱ ሐቅ ነው። ይሁን እንጂ ቤትን የሚያፈርሰው የክፍያው ጠቅላላ ድምር ብቻ ሳይሆን፣ ክፍያው የሚወድቅበት ቀንና ቤተሰቡ በዚያች ቀን ብቻውን መቆሙ ጭምር መሆኑን የላሊበላና የላስታ ደጋ ኑሮ በግልጽ ያሳየናል።

የክፍያው መልክ ተለውጧል

አንድ የገቢ ምንጭ ለብዙ ተቀባይ መከፋፈሉ ለላስታ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው የገባር ሥርዓት ከአንዲት ማሳ ላይ የመሬቱ ግብር፣ የሹሙ መስተንግዶና የጉልበት አገልግሎት ይወጣ ነበር፤ ዐሥራትም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ ከአውድማው ላይ ይነሣ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ግንኙነት በሕግ ዘጋው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት በማድረግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ300 ብር ያልበለጠ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ እንዲቀነስ ወሰነ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩትንም ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት አስተዳደር ሰጠ። ያ እርምጃ በኋላ ያስከተለው የቤት እጥረት ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው፣ የቤት ኪራይ የግለሰብ ጓዳ ገመና ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ውሳኔ ጉዳይ እንደሆነ ማሳየቱ ነው።

ዛሬ ክፍያው ሹም ደጅ የሚደርስ እህልና ማር አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ነው። ይህም ልዩነት አለው። ጥሬ ገንዘብ የሚያገኙት ወይ ጉልበትን፣ ወይ ምርትን፣ ወይ ከብትን በመሸጥ ነው። ሻጩ ደግሞ ዋጋውን የሚወስነው እርሱ አይደለም።

ስሌቱ ምን ይላል?

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከዚህ ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ሆኖ፣ ከቀሪው ላይ 700 ብር ግብር ይቆረጣል። ሰባት በመቶው የጡረታ መዋጮ 420 ብር ነው። በእጅ የሚገባው 4,880 ብር ይሆናል። ይህን ለ30 ቀን ስናካፍለው በቀን 162 ብር ከ66 ሳንቲም ነው። አምስት ነፍስ ባለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው 32 ብር ከ53 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። ይህም ኪራይ፣ መብራትና ውሃ ከመከፈላቸው በፊት ነው።

በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀደም ሲል 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አልፏል። የምግብ ዘይት፣ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ከውጭ የሚገቡ እንደመሆናቸው የምንዛሪው ለውጥ በላስታ ተራራ ላይ ያለችውን ጓዳ ሳይነካ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ፣ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ የደመወዙ ጭማሪና የክፍያዎቹ ጭማሪ ጎን ለጎን እንደሚሮጡ ልብ ሊባል ይገባል።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርንስት ኤንግል፣ ከፍሬድሪክ ኤንግልስ ጋር የማይምታታው ማለታችን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጂግ ሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ አንድ ሕግ አስገኝቷል። ቤተሰቡ ደሃ በሆነ መጠን ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ይበዛል የሚል ነው። ከዚህም የምንረዳው፣ በዝቅተኛ ገቢ የሚኖር ሰው «ቆጥብ» ቢባል ሊቆጥብ የሚችለው ከእንጀራው ላይ ብቻ መሆኑን ነው። ችግሩን በአባካኝነት የሚያሳብብ ምክር ስሌቱን ያላየ ምክር ነው።

የአንድ ምንጭ አደጋ

የላሊበላ ከተማ ነዋሪ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለበት። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች መካከል ናቸው። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ሸማኔው፣ የቅርጻ ቅርጽ ሠሪው፣ ጠላ ጠማቂዋም ሳትቀር ኑሯቸው በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ከእንግዳ መምጣት ጋር የተሳሰረ ነው። በገና ሰሞን ከተማው በምእመናንና በጎብኚ ሲሞላ ገቢው ይመጣል። ክረምት ሲገባ እንግዳው ይቀንሳል። ኪራዩና የመብራቱ ሒሳብ ግን ክረምትና በጋ አይለዩም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ ይህ ምንጭ ደረቀ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች። የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ተስፋ ቢያንሠራራም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ላሊበላን ዳግመኛ ነካ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ቤተሰብ ከአንድ ገቢ ወደ ባዶ ገቢ ወርዷል። በአንድ ምንጭ ላይ የቆመ ቤት ምንጩ በነጠፈ ቀን የሚደገፍበት እንደሌለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አያሻም።

ቀኗ የምታመጣው ጉዳት

የገጠሩን ቤተሰብ ስንመለከት የክፍያ ቀን የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የገበሬው ዋና ገቢ የሚገኘው መኸር በገባ ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት ወጪ ግን በመስከረም፣ እሸቱ ገና ሳይደርስ ይመጣል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ክፍያ ጎተራው በተሟጠጠበት በክረምት መግቢያ ላይ ይወድቃል። ሕመም ደግሞ ወር አይመርጥም። በዚህ ጊዜ ገበሬው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ በጉን፣ ባስ ሲልም በሬውን፣ በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በወደቀ ዋጋ መሸጥ፣ ወይም መበደር። አራጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ በክረምት የተወሰደ እህል በመኸር ከነጭማሪው የሚመለስበት ልማድ በገጠር የታወቀ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ብድር ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ በደቂቃ የሚገኘውም ብድር፣ የሚመለስበት ገቢ ሳይታወቅ ለወር ወጪ ከተወሰደ፣ ለሚቀጥለው ወር አንድ ተጨማሪ ክፍያ ከመሆን አያልፍም።

ወሎ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተምሮታል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰውን የወሎ ረሀብ መርምሯል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀድሞው ያን ያህል ሳይንር፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እየተጫነ፣ ሕዝቡ ያለቀው የሚገዛበት አቅም በማጣቱ እንደሆነ አስረድቷል። አዝመራው ጠፋ፤ ከብቱም ዋጋ አጣ፤ ገበያ ላይ ያለውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ ከገበሬው እጅ አልነበረም። እንግዲህ በችግር ቀን የተሸጠ በሬ የዛሬን ዕዳ ቢከፍልም የነገውን ገቢ ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ በመነሣት የክፍያዎችን ቅደም ተከተል መለየት ይቻላል። አንደኛው ወገን ቢዘገይ የገቢውን ምንጭ ራሱን የሚገድል ነው፤ ዘር፣ የሥራ መሣሪያ፣ የሠራተኛው ጤንነት ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ቢዘገይ ቅጣት የሚጨምር ወይም አገልግሎት የሚያቋርጥ ነው፤ ኪራይ፣ መብራትና ውሃ። ሦስተኛው ቢዘገይ ይሉኝታን እንጂ ጉዳትን የማያስከትል ነው፤ የድግስ ወጪ በዚህ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ቤት የሚጎዳው ሦስተኛውን ለመክፈል የመጀመሪያውን ሲሸጥ ነው።

መቀናጆ እንደ መርሕ

የላስታ ገበሬ አንድ በሬ ብቻ ሲኖረው እርሻውን አይተውም። አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ የሁለቱንም ማሳ በየተራ ያርሳል። ይህ መቀናጆ ይባላል። የበሬዎቹ ቁጥር አልጨመረም፤ ለብቻቸው ምንም የማያርሱት ሁለት በሬዎች ግን ጥማድ ሆነው ሁለት ቤት ይመግባሉ። በአንድ ገቢ የሚተዳደር ቤት የአንድ በሬ ቤት ነው። መውጫውም ከዚሁ መርሕ የራቀ አይደለም።

ቅሬ የዚህ ምሳሌ ነው። በወሎ ቅሬ የሞትን ያህል ቀኑ የማይታወቅ ወጪ በጥቂት የማይጎዳ መዋጮ አስቀድሞ ይሸከማል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ይህንኑ አሠራር ወደ ሕመም ያሰፋ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከእነዚያ አንዱ በደቡብ ወሎ የሚገኘው ተሁለደሬ ነበር። ገበሬውና ቋሚ ደመወዝ የሌለው ነዋሪ በዓመት አንድ ጊዜ አዋጥቶ ቤተሰቡን ያሳክማል፤ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይሸፍንለታል። ቅሬዎች የአባሎቻቸውን የመድን መዋጮ አዝመራው በገባበት ወቅት አሰባስበው ቢከፍሉ በክረምት የሚሸጠው በሬ ቁጥር እንደሚቀንስ አያጠራጥርም። ዕቁብም የሚደርስበት ተራ ከመስከረም የትምህርት ወጪ ወይም ከማዳበሪያው ቀን ጋር ቢገጣጠም ጥቅሙ ይበልጥ ይጎላል።

በሸቀጥም በኩል እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞች ሳንቲም አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር በጋራ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የዓለም የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉት መርሕ መነሻው እርሱ ነው። የእኛም የሸማቾች ማኅበራት የአባሉ ቁጥጥር ከላላ ተራ ሱቅ ሆነው ይቀራሉ፤ አባሉ ሒሳባቸውን ከጠየቀና ከተከታተለ ግን የነጋዴውን ትርፍ ከቤተሰቡ ወጪ ላይ ሊቀንሱ ይችላሉ።

ይሁንና በጋራ መክፈል ሁልጊዜ ይረባል ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እንዲል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ ነው። ሦስትና አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፣ እያንዳንዳቸው ከ50 በታች ቢያበሩም ድምሩ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ደሃው የደሃን ታሪፍ ያጣል ማለት ነው። በኪራይም ረገድ አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የሰፈር ማኅበር አባላት እነዚህን መብቶች አውቀው በጋራ መጠየቅ አለባቸው። አንድ ተከራይ ለብቻው ሲጠይቅ ቤቱን ሊለቅ ይገደዳል፤ ሰፈሩ ሲጠይቅ ግን ጥያቄው መልስ ይሻል።

ያልተቆጠረው ገቢ

በመጨረሻም «አንድ ገቢ» የምንለው በእርግጥ አንድ ነውን? ባል ደመወዝ የሚያመጣበት ቤት ውስጥ ሚስት ውሃ ትቀዳለች፣ እህል ትፈጫለች ወይም ታስፈጫለች፣ እንጨት ትሰበስባለች፣ ሕመምተኛ ታስታምማለች። ይህ ሁሉ በገንዘብ ቢገዛ የደመወዙ ምን ያህል ይበቃው ነበር? በቤቱ የቆመው ሁለተኛው በሬ ይኸው ያልተከፈለ ጉልበት ነው። ስለዚህ የወሩ ገንዘብ ሲደለደል ባልና ሚስት አብረው ሊቀመጡ፣ የትኛው ክፍያ በየትኛው ቀን እንደሚወድቅ በዓመቱ መጀመሪያ ሊጽፉት ይገባል። የጓዳውን ጉድለት ቀድማ የምታውቀው እርሷ ስለሆነች ቃሏ የምክር ያህል ሳይሆን የውሳኔ ያህል ሊቆጠር ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል መቀናጆ ዝናብ አያዘንብም። 32 ብር ከ53 ሳንቲም በየትኛውም አደረጃጀት 60 ብር አይሆንም። ዝቅተኛ ደመወዝ ከገበያው ጋር እንዲራመድ ማድረግ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ዓይነት የሴፍቲኔት ድጋፍ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር በወቅቱ እንዲደርስ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ሰላም አስፍኖ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ ለእንግዳ መክፈት ከቅሬና ከሰፈር ማኅበር አቅም በላይ ናቸው። ኃላፊነቱም የሚመለከታቸው አካላት ነው። ነገር ግን የተደራጀ ሰፈር ይህንን ኃላፊነት በድምፅ ሊጠይቅ ይችላል፤ እያንዳንዱ በየጓዳው ዕዳውን ደብቆ የሚያሰላበት ሰፈር ግን አይጠይቅም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፣ የማይቀረውን ክፍያ በቀኑ ለመክፈል ከቀኑ አስቀድሞ መቀናጀት የእያንዳንዱ ቅሬ፣ የእያንዳንዱ የሥራ ቦታና የእያንዳንዱ ሰፈር የዛሬ ተግባር ሊሆን ይገባል።