መፋቂያ የማይደርስበት ክፍተት

በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ ወራቱን እርሻ ላይ ይከርማል። ለጥርሱ ብሩሽ ካልያዘ ችግር የለም፤ ከዛፍ ቆርጦ የሚያኝከው መፋቂያ አለው።

መፋቂያ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አጠቃቀሙን በደንብ ላወቀ ሰው ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። ከድንበሩ ከተማ ከገላባት ወዲያ ያሉት ሱዳናውያን ሚስዋክ የሚሉትን የአራክ ዛፍ ሥር ይጠቀማሉ። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የቤተ ሙከራ ሥራ፣ ሥሩ ውስጥ ያለ ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የተባለ ውህድ ከድድ በሽታ ጋር የሚያያዙ ባክቴሪያዎችን አጥብቆ እንደሚገድል አይተዋል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መፋቂያም ብሩሽም ሁለት ጥርሶች ተጠጋግተው የቆሙበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ አይገቡም። እዚያ ፕላክ፣ ማለትም የሚያጣብቅ የባክቴሪያ ሽፋን፣ ሳይነካ ይከርምና ወደ ታርታር ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ሐኪም በመሣሪያ ካላነሳው በቀር አይለቅም። ፕላክ ድድን ምን እንደሚያደርግ በ1965 እ.ኤ.አ. የድድ ተመራማሪው ሃራልድ ሎ ከባልደረቦቹ ጋር ዴንማርክ ውስጥ ፈትኖታል፦ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ።

የጥርስ ክር የተፈጠረው ለዚህ ክፍተት ነው። የኒው ኦርሊንሱ የጥርስ ሐኪም ሌቪ ስፒር ፓርምሊ በ1819 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰም የነካ የሐር ክር መክሯል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሐሩን ናይለን ተካው። ከምግብ በኋላ የምናነሳው ስቴኪኒ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የተሰካውን ሥጋ ያወጣል እንጂ ከጥርሱ ጎን የተለጠፈውን ፕላክ እምብዛም አይነካም።

አሁን አሁን ክሎርሄክሲዲን ወይም ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተቀባ ክርም ይሸጣል። ከተራው ይበልጣል? አንዳንድ ጥናቶች ጥቂት ብልጫ አይተውበታል። ሆኖም ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፍትጊያው ነው፤ መድኃኒቱ የተለጠፈውን ፕላክ አይፍቅም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ስለ ተራው ክር እንኳ ቁጥብ ነው፦ ከብሩሽ ጋር ሲሆን የድድ መቆጣትን ሊቀንስ ይችላል፣ ፕላክን ስለ መቀነሱ ግን ማስረጃው ወጥ አይደለም ይላል። ስለዚህ ለመድኃኒቱ ሲባል ተጨማሪ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

የክሩ አያያዝ ግን ዋጋ አለው። 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ቆርጦ በሁለቱ የመሃል ጣቶች ላይ መጠቅለል፣ ሳይመቱ እያወዛወዙ ማስገባት፣ የአንዱን ጥርስ ጎን አቅፎ ከድዱ ሥር ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት፣ ከዚያ የጎረቤቱን። በቀን አንዴ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድድ ትንሽ ቢደማ አይደንግጡ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ግን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።