ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ኩላሊት ላይም ይጋገራል?

በድሬዳዋ ውኃ ዘወትር የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ በኩል ነጭ ቅርፊት ያበጃል። የሻወሩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፈናሉ፤ ሳሙናውም የቱንም ያህል ቢፈተግ አረፋ ለመስጠት ይለግማል። ይህን የሚያይ ሰው ብረት ላይ እንዲህ የሚጋገር ውኃ ኩላሊትንስ ምን ያደርገው ይሆን ብሎ መሥጋቱ አይቀርም። ሥጋቱ በዚያ ሙቀት ውኃ መጠጣትን ወደ መቀነስ ካደረሰ ግን እውነተኛው ጉዳት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

የከተማዋ ውኃ የሚቀዳው ከከርሰ ምድር ሲሆን፣ በሳቢያን አካባቢ ያሉት ጉድጓዶች ከምንጮቹ መካከል ይጠቀሳሉ። አካባቢው የኖራ ድንጋይ በብዛት ያለበት ነው፤ የድሬዳዋ የሲሚንቶ ምርት የተመሠረተውም በዚሁ ድንጋይ ላይ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ መሬት ሲሰርግ ጥቂት አሲድነት ስለሚኖረው ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ካልሲየምና ማግኒዥየምም ተሸክሞ ይወርዳል። ባለሙያዎች «ጠንካራ ውኃ» የሚሉት ይህን ነው። ውኃው ሲሞቅ ጋዙ በኖ ይወጣና የሟሟው ኖራ እንደገና ድንጋይ ይሆናል።

ጥንካሬው በካልሲየም ካርቦኔት መጠን ይሰላል። በተለመደው አመዳደብ በ1 ሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ያለው ለስላሳ፣ ከ180 በላይ ያለው ደግሞ እጅግ ጠንካራ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር የወሰነው ጣሪያ የለም።

ሰውነት ማንቆርቆሪያ አይደለም፤ ውኃ በውስጡ አይፈላም። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም እንዳለበት እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚፈጠረው ሽንት ሲወፍር፣ ካልሲየሙ ኦክሳሌት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲጣመር ነው። ከምግብና ከውኃ የሚገኘው ካልሲየም እንዲያውም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ጥናቶችም በጠንካራ ውኃና በጠጠር መካከል ወጥ የሆነ ዝምድና አላገኙም። ጠጠር ወጥቶባቸው የሚያውቁ ሰዎች በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ተኩል ሽንት የሚያስወጣ ፈሳሽ እንዲጠጡ ይመከራሉ። ይህን በስምጥ ሸለቆ ጥርስን ከሚያበላሸው የፍሎራይድ ችግር ጋር ማምታታት አይገባም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በማፍላትም አይወገድም።

የጠንካራ ውኃ ጉዳት በኪስ ላይ ይበረታል። ካልሲየሙ ሳሙናውን ይዞ ነጭ ዝቃጭ ስለሚያደርገው ሳሙና ያልቃል፣ ልብስም ይገረጣል፤ የዱቄት ሳሙና ከደረቁ ሳሙና የተሻለ የሚያጥበው በዚህ ምክንያት ነው። በውኃ ማሞቂያው ብረት ላይ የተጋገረው ኖራ ሙቀቱ ወደ ውኃው እንዳያልፍ ስለሚከለክል ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ከዕድሜው በፊትም ይቃጠላል። ሽምብራና ባቄላም በእንዲህ ያለ ውኃ ቶሎ አይበስሉም፤ የማገዶው ወጪ ታዲያ በማንም ሒሳብ አይገባም።

ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ በውኃ ቀላቅሎ ማሞቅና ማቆየት ይበቃል። አረፋ እያወጣ መሟሟቱ ኖራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይፈቀድም። ውኃውን አፍልቶ ማጥለል የጥንካሬውን አንድ ክፍል ይቀንሳል፤ ከጂፕሰም የመጣው ግን በማፍላት አይወርድም።

በጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ገበሬዎችም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። ካልሲየም እንደ ግላይፎሴት ያለውን ፀረ አረም በመያዝ ኃይሉን ያደክመዋል፤ የጠብታ መስኖ ቀዳዳዎችንም ይደፍናል። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ካልሲየሙ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሲገኝ ለርጭትም ለልብስ ማጠቢያም ይመረጣል።