ጨዋታው ካበቃ በኋላ ሁሉም አሠልጣኝ ነው

የእግር ኳስ ጨዋታ ከሌሎች የስፖርት ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ ተመልካቹን ዳኛም አሠልጣኝም የማድረግ ባሕርይ አለው። የሩጫ ውድድር ሲያበቃ ክርክሩም አብሮ ያበቃል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሟል። እግር ኳስ ግን የዳኛው የመጨረሻ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ በሻይ ቤቱ፣ በሰፈሩና በጓደኛ ስብሰባ እንደ አዲስ ይጀመራል። ያኔም በቅድሚያ ከተከሳሹ ሳጥን የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ግብ የሳተው አጥቂ ወይም ኳስ ያመለጠው ግብ ጠባቂ አይደለም፤ አሠልጣኙ ነው። «ያንን ተጫዋች ለምን አስወጣ? ይኼኛውን ለምን አስገባ? ፍጹም ቅጣት ምቱን ለምን ለእርሱ ሰጠው?» የሚሉት ጥያቄዎች ይዘንባሉ። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ከሆነ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ከንቱ ጩኸት ነው ለማለትም አይቻልም። የአሠልጣኝ ውሳኔ የአንድን ሕዝብ ተስፋ የሚያፈርስበት ጊዜ አለና። እንግዲህ ተገቢውን ትችት ከጅብ በኋላ ጩኸት ለይተን የምናውቀው በምንድን ነው? ይህንን ለመመርመር ጎረቤታችን ኬንያ በዋና ከተማዋ በናይሮቢ ያስተናገደችውን አንድ ጨዋታ መነሻ እናደርጋለን።

የካሳራኒው ሽንፈት

ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2025) በናይሮቢ ካሳራኒ በሚገኘው የሞይ ዓለም አቀፍ የስፖርት ማዕከል የኬንያና የማዳጋስካር ብሔራዊ ቡድኖች ለአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ሩብ ፍጻሜ ተገናኙ። ይህ ሻምፒዮና በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበት ሲሆን፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ በጋራ ያዘጋጁት ነበር። ኬንያም ስትካፈል የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ካሳራኒ ለኬንያውያን ተራ ሜዳ አይደለም። የተሠራው ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1987 ላስተናገደችው አራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ነው። በዚያው ዓመት የኬንያ ብሔራዊ ቡድን በዚያው ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ በግብፅ 1 ለ 0 ተሸንፏል። ስለዚህ ከ38 ዓመት በኋላ ሕዝቡ ወደ ሜዳው ሲጎርፍ የቆየ ቂም የሚወጣበት ቀን የደረሰ መስሎት ቢሆን አይፈረድበትም።

ተስፋውም መሠረት ነበረው። ደቡብ አፍሪካዊው ቤኒ ማካርቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከፖርቶ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ያነሣው የቀድሞ አጥቂ፣ ቡድኑን ከተረከበ ገና ወራት መቁጠሩ ነበር። ቡድኑ በምድብ ጨዋታዎች ዴሞክራቲክ ኮንጎን፣ ሞሮኮንና ዛምቢያን እያንዳንዳቸውን 1 ለ 0 አሸንፎ፣ ከአንጎላ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ በ10 ነጥብ የምድቡ መሪ ሆነ። ከእነዚህ መካከል የሞሮኮው ድል የተገኘው አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ወጥቶበት በጎደሎ ተጫውቶ ነው። ያች ሞሮኮ በኋላ በዚሁ በካሳራኒ ማዳጋስካርን 3 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ናት።

በሩብ ፍጻሜው ዕለት ከዕረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ ተከላካዩ አልፎንስ ኦሚጃ የማዕዘን ምት ኳስ በጭንቅላቱ ገጭቶ ለኬንያ አስቆጠረ። ስታዲየሙ ተናወጠ። ነገር ግን ዕጣ ፈንታ የምትባለው ነገር ከሰው ጋር መቀለድ ትወዳለችና፣ ጥቂት ቆይቶ ኳስ በእጁ ነክቶ ፍጹም ቅጣት ምት ያሰጠውም ያው ኦሚጃ ሆነ። ማዳጋስካር አቻ ሆነች። በመደበኛው ጊዜም፣ በጭማሪው 30 ደቂቃም የሚያሸንፍ ጠፋ። በመጨረሻም ነገሩ በፍጹም ቅጣት ምት መለያ ሲታይ ማዳጋስካር 4 ለ 3 አሸነፈች። ከሳቱት የኬንያ ተጫዋቾች አንዱ ሌላው ተከላካይ ማይክ ኪብዋጌ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኦሚጃ ነበር።

ማን ይምታ?

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። አንድ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ውስጥ የደስታውን ጫፍና የሐዘኑን ጥልቀት በደቂቃዎች ልዩነት ካየ በኋላ፣ የአንድ አገር ተስፋ የተሸከመ ኳስ ከፊቱ ሊቀመጥለት ይገባ ነበርን? የቆመ ኳስ መምታት የዘወትር ሥራቸው የሆነ አጥቂዎችና አማካዮች እያሉ ተከላካዮች ለምን ተመረጡ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በመጀመሪያ የጨዋታውን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። በመለያ ምት ሊመቱ የሚችሉት ጨዋታው ሲያበቃ በሜዳው ውስጥ የነበሩት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። አስቀድሞ የተቀየረ ሰው፣ የቱንም ያህል የተካነ መቺ ቢሆን፣ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ከመጸለይ በቀር የሚያደርገው የለም። ከ120 ደቂቃ ልፋት በኋላ ደግሞ አንዱ እግሩ ተሳስሯል፣ ሌላው ቆስሏል፣ ሌላውም ልቡ ፈርቷል። አሠልጣኙ የሚመርጠው በወረቀት ላይ ካሉት ሁሉ ሳይሆን ከነዚህ ከቀሩት ነው። ኦሚጃም በዚያ ቀን የኬንያን ብቸኛ ግብ ያስቆጠረ ሰው ነበር። ኳሷ መረቡን ብትነካ ኖሮ «ጥፋቱን በእግሩ የካሰ ጀግና» ይባል ነበር፤ አሠልጣኙም «የተጫዋቹን ልብ የሚያውቅ» ይባል ነበር። ውሳኔው ያው አንድ ውሳኔ ነው፤ ስሙን የለወጠው ውጤቱ ነው።

የሆላንዱ አሠልጣኝ ሁለት ጨዋታዎች

ይህንን ይበልጥ የሚያስረዳልን እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚል የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ነው። የሆላንድ አሠልጣኝ ሉዊ ፋን ኻል በሩብ ፍጻሜው ከኮስታሪካ ጋር ያለ ግብ እየተጫወቱ ሳለ፣ በጭማሪው ጊዜ የመጨረሻ ደቂቃ ዋናውን ግብ ጠባቂ ያስፐር ሲለሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። ዓለም ተገረመ። ክሩል በአምስቱም ምቶች ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ተወረወረ፤ ሁለቱን አዳነ፤ ሆላንድ 4 ለ 3 አለፈች። ይህ የቁማር ሥራ አልነበረም። ክሩል የኮስታሪካን መቺዎች አስቀድሞ አጥንቷል፤ ሊገባ እንደሚችልም ያውቅ ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ በግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር ያው ሁኔታ ተደገመ። ነገር ግን አሠልጣኙ ሦስቱንም ቅያሪ ጨርሶ ስለነበር ክሩል ከተቀመጠበት አልተነሣም። የመጀመሪያውን ምት የመታው ተከላካዩ ሮን ፍላር ነበር፤ ሳተ። ዌስሊ ስናይደርም ሳተ። አርጀንቲና 4 ለ 2 አሸነፈች። «ለምን ተከላካይ አስቀደምህ?» ለሚለው ጥያቄ ፋን ኻል የሰጠው ማብራሪያ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ፍላርን ከመጠየቁ በፊት ሁለት ሌሎች ተጫዋቾችን ጠይቆ ነበር። ፍላርም በዚያ ዕለት በሜዳው ላይ እጅግ ጥሩ ከተጫወቱት አንዱ ነበር። ከመቀመጫው ሆኖ የሚመለከተው ሕዝብ የሚያየው ኳስ ይዞ የሚራመደውን ሰው ብቻ ነው፤ «እኔ አልችልም» ብሎ ራሱን ያወዛወዘውን ሰው አያየውም።

የዌምብሌይ ስሕተት

እንዲህ ሲባል ግን አሠልጣኝ የማይነካ ሰው ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2021 በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም እንግሊዝና ኢጣሊያ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ተጋጠሙ። ሉክ ሾው በሁለተኛው ደቂቃ ለእንግሊዝ አስቆጠረ፤ ሊዮናርዶ ቦኑቺ በ67ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። አሠልጣኙ ጋሬዝ ሳውዝጌት የጭማሪው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ማርከስ ራሽፎርድንና ጄደን ሳንቾን ለመለያ ምቱ ብሎ አስገባቸው። ራሽፎርድ የመታት ኳስ ቋሚውን መታች፤ የሳንቾን ግብ ጠባቂው ዶናሩማ አዳነ፤ የመጨረሻዋ የ19 ዓመቱ ቡካዮ ሳካ ምትም በዶናሩማ እጅ ቀረች። ኢጣሊያ 3 ለ 2 አሸነፈች።

እዚህ ላይ የሚሰነዘረው ትችት ውጤቱን ብቻ ያየ አይደለም። ሁለቱ ወጣቶች ወደ ሜዳ ሲገቡ ሰውነታቸው አልሞቀም፤ ኳስ እንደ ልብ አልነኩም፤ የጨዋታውን ትኩሳት አልተለማመዱም። ልምድ ያላቸው ሰዎች በሜዳው ላይ እያሉም የመጨረሻው ሸክም በ19 ዓመት ወጣት ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህ ሁሉ ኳሷ ከመመታቷ በፊት የሚታይ አደጋ ነበር። ሳውዝጌት በበኩሉ ምርጫው በልምምድ ላይ በታየው ችሎታ የተመሠረተ መሆኑን አስረድቶ ኃላፊነቱን በራሱ ላይ አደረገ። እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው በዌምብሌይ በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ አገሩ ከውድድር የወጣችበት ሰው ነበርና፣ የሳተ ተጫዋች ሕመም አይጠፋውም። ሦስቱ ወጣቶች ግን ከጨዋታው በኋላ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት ነውረኛ ስድብ ወርዶባቸዋል። ትችት ድንበሩን ሲያልፍ ወዴት እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ትዝታ ሲያታልል

ሌላም አደጋ አለ፤ ትዝታ ራሱ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 እየመራች በመጨረሻ 3 ለ 2 ተሸነፈች። አሠልጣኙ ሰር አልፍ ራምሴይ ታላቁን ቦቢ ቻርልተንን ለግማሽ ፍጻሜው ለማሳረፍ ብሎ ማስወጣቱ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ጥፋት ይነሣበታል። ብዙዎች የሚተርኩት ቻርልተን ከወጣ በኋላ ጀርመኖች ተነሡ ብለው ነው። እውነቱ ግን የፍራንዝ ቤከንባወር የመጀመሪያ ግብ የተቆጠረችው ቻርልተን ገና በሜዳው ላይ ሳለ ነው። ተመልካቹ ጥፋተኛውን አስቀድሞ ከመረጠ በኋላ የደቂቃዎቹን ቅደም ተከተል ሳይቀር ለፍርዱ እንዲመች አድርጎ ያስተካክላል።

በእኛስ ቤት?

የኢትዮጵያ ተመልካችም ሁለቱንም ጽዋ ቀምሷል። እ.ኤ.አ. በ1987 በአዲስ አበባ በተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቡድናችን ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ በመለያ ምት 5 ለ 4 ሲያሸንፍ፣ «መቺዎቹ ለምን በዚህ ቅደም ተከተል ቆሙ?» ብሎ አሠልጣኙን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ድል ጥያቄን ይውጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከናይጄሪያ ጋር ሲጫወት፣ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ቆይቶ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተሸነፈ። በጨዋታው ማብቂያ ላይ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ሲወጣ ቅያሪው ሁሉ አልቆ ስለነበር፣ የመስመር ውስጡ ተጫዋች አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በግቡ መካከል ቆመ። ያንን ያየ ሰው «አሠልጣኙ አንድ ቅያሪ ለምን አላስቀረም?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ማሸነፍ ግዴታው የሆነ ቡድን የደከመ ተጫዋቹን ሳይቀይር፣ ላይመጣ ለሚችል ቀይ ካርድ ሰው አስቀምጦ መጫወት ነበረበትን? የዚያ ዕለት ሽንፈት ምክንያቱ ቅያሪው ማለቁ አልነበረም።

ፍርዱ እንዴት ይሁን?

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት መመዘኛዎችን እናወጣለን። አንደኛ፣ አሠልጣኙ በዚያች ደቂቃ ያውቅ የነበረው ምንድን ነው? ውጤቱን ካወቅን በኋላ ባገኘነው ብልሃት ውጤቱን ባላወቀ ሰው ላይ መፍረድ ፍትሕ አይደለም። ሁለተኛ፣ በእጁ የነበረው ሌላ አማራጭ ምን ነበር? «እገሌ ይምታ ነበር» የሚል ሰው እገሌ በሜዳው ላይ መኖሩን፣ እግሩ መቆሙንና ልቡ መፍቀዱን ማረጋገጥ አለበት። ሦስተኛ፣ ውሳኔው በዝግጅት ላይ የተመሠረተ ነበር ወይስ በድንገት የተወረወረ? የክሩልና የዌምብሌዩ ጉዳይ በዚህ ይለያያሉ። ሁለቱም በልምምድ የታሰበባቸው ቢሆኑም፣ አንደኛው ተጫዋቹ በተዘጋጀበት ሥራ ላይ አሰማራው፤ ሁለተኛው ያልሞቀ እግርን ለእሳት ዳረገ።

የጦር ሜዳን ሕይወት የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ይህንን ለመረዳት አይቸገሩም። አዛዥ በጭጋግ ውስጥ ሆኖ ባለው ኃይልና ባለው ጊዜ ይወስናል፤ ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ ካርታውን ዘርግቶ መንገዱ በዚህ በኩል ነበር ማለት ግን ለማንም ቀላል ነው። ሆኖም ከግዳጅ በኋላ ሥራን መገምገም አስፈላጊ የሚሆነው ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን የሚቀጥለውን ግዳጅ ለማሳመር ነው። ስፖርትም እንዲሁ ነው።

በእነዚህ መመዘኛዎች የካሳራኒውን ሽንፈት ስንመዝነው፣ በእኛ እምነት ኬንያ የወደቀችው መቺ በመምረጥ ብቻ አይደለም። 1 ለ 0 እየመራች ጨዋታውን የምትጨርስበት ጊዜ ነበራት፤ አቻ ከሆነች በኋላም ጭማሪው 30 ደቂቃ በእጇ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ደቂቃዎች ሁለተኛ ግብ አለመገኘቷ ነው አንድን ተከላካይ በመጨረሻ ብቻውን ከኳሷ ጋር ያፋጠጠው። አሠልጣኙ መጠየቅ ካለበት ስለዚያች አንዲት ምት ሳይሆን ወደዚያች ምት ስላደረሰው መንገድ ይጠየቅ።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። በየቀበሌውና በየጦር ክፍሉ ቡድን የሚደግፉ ወገኖቻችንም በሚቀጥለው ጨዋታ አሠልጣኙን ከመውቀሳቸው በፊት፣ ፊሽካው ሳይነፋ እነርሱ ራሳቸው ምን ይወስኑ እንደነበር በልባቸው ይያዙ። ከጨዋታው በፊት የተናገረ ሰው ከጨዋታው በኋላም የመተቸት መብት አለው። ጨዋታው ካበቃ በኋላ ብቻ አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ግን ከበሮውን ገና አልጨበጠም።