የወገብ ሕመም ክኒንና ኩላሊታችን

«ዶክተር፣ ዲክሎፌናክ ኩላሊት ያጥባል ይባላል፤ እውነት ነው?» ይህን ጥያቄ ከመተማም ከገዳሪፍም ደጋግማችሁ ልካችሁልኛል። አያጥብም። እንዲያውም ይጎዳል።

ሰሊጥ አጨዳ ላይ የነበረ አንድ ወጣት አይረሳኝም። ወገቡን እየቆረጠመው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ክኒኑን ይውጥ ነበር። ሲመጣ ፊቱ አብጧል፤ የቀኑ ሽንት አንድ ሲኒ አይሞላም፤ እንደ ሻይ ጠቁሯል። ደግነቱ ቶሎ ስለመጣ ኩላሊቱ ተመለሰለት።

በጠራራ ፀሐይ ጎንበስ ብሎ የሚያጭድ ሰው በላብ ብዙ ውኃ ያጣል። ያኔ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ከፍቶ ይይዛል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ሕመም የሚያስታግሱት ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። የደም ሥሩ ሲጠብ ኩላሊት ደም ያጥረዋል። መርፌውም ያው ነው።

ጤነኛ ሰው ውኃ እየጠጣ ለጥቂት ቀን ቢወስደው ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። የምሰጋው ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስዱ፣ ለስኳር ሕመምተኞች፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ነው፤ ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት። ፓራሲታሞል ለኩላሊት ይሻላል፤ ለአዋቂ ግን ባለ 500 ሚሊግራሙ በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ጉበት ይጎዳል።

በመተማና በገዳሪፍ አካባቢ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ትኩሳትም በማስታገሻ አትሸፍኑት፤ ካላዛር ሊሆን ይችላል።

ሽንታችሁ ካነሰ ወይም እግራችሁ ካበጠ ክኒኑን አቁማችሁ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ክሬያቲኒን፣ አስለኩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።