የመርከብ አዛዥና የሕክምና ትምህርት፤ ከውቅያኖስ እስከ ጣና

በወረታ ከተማ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ስለ ጭነቱ ብዙ ነገር አስቀድሞ ይጠይቃል። መርከቡ መቼ እንደሚነሣ፤ ጅቡቲ መቼ እንደሚደርስ፤ የማጓጓዣው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፤ ኮንቴይነሩም ወደ ወረታ ደረቅ ወደብ የሚገባበትን ቀን አጣርቶ ያውቃል። መርከቡ በባሕር መካከል ሳለ ከሠራተኞቹ አንዱ ቢታመም ማን እንደሚያክመው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጉዳዩ የመርከበኞች ብቻ መስሎ ይታይ እንጂ የነጋዴውንም ቀንና ገንዘብ የሚነካ ስለ ሆነ፤ ደንቡ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል።

በየብስ ላይ የታመመ ሰው በቃሬዛም ሆነ በመኪና ወደ ሐኪም ይወሰዳል። በውቅያኖስ ላይ ግን ከሁሉ የቀረበው ወደብ የብዙ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ የጭነት መርከብ ሐኪም ይቀጠርለት ማለት ደግሞ ለጥቂት ሠራተኞች ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውና በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ውል ነገሩን እንደሚከተለው ከፍሎታል። 100 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ይዞ ከ3 ቀን በላይ የሚፈጅ ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርግ መርከብ ሐኪም ሊኖረው ይገባል። ሐኪም የሌለው መርከብ ግን ሕክምናን በኀላፊነት የሚይዝ ወይም የመጀመሪያ ርዳታ ለመስጠት የሚችል ቢያንስ አንድ የሠለጠነ መርከበኛ እንዲኖረው ግድ ነው። በዚሁ ውል መመሪያ መሠረት፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ለሚችል መርከብ የመጀመሪያ ርዳታ የተማረ ሰው ይበቃዋል፤ ከዚያ ርቆ የሚሄደው ግን ከፍ ያለውን ትምህርት የተማረ ሰው ያስፈልገዋል።

የትምህርቱን ልክ የሚወስነው እ.ኤ.አ. በ1978 የጸደቀውና በ1995 በ2010ም የተሻሻለው የመርከበኞች ሥልጠናና የብቃት ማስረጃ ውል ነው። ይህ ውል ሥልጠናውን በሦስት ደረጃ ይመድበዋል። አንደኛው በመርከቡ ላይ የደኅንነት ሥራ የተሰጠው መርከበኛ ሁሉ የሚማረው መነሻ ነው፤ ይኸውም ደም ማቆም፤ ትንፋሽ ማስመለስ፤ የተቃጠለውንና የተሰበረውን ሰው ሳይጎዱ ማንሣት ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያ ርዳታ እንዲሰጡ ለተመደቡት የሚሆን ሰፋ ያለ ትምህርት ሲሆን፤ በመርከቡ በተጫነ መርዛማ ዕቃ የተጎዳን ሰው መርዳትንም ይጨምራል። ሦስተኛው ሕክምናን በኀላፊነት ለሚይዘው ነው፤ በሽተኛን ማስታመም፤ መርፌ መውጋት፤ ቍስል መስፋት፤ መድኃኒት መስጠት፤ ተላላፊና የቆላ በሽታዎችን ለይቶ ማወቅ ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው።

የመርከቡ አዛዥ ራሱ የቍስል ማሰሪያ ባይዝም ከኀላፊነት አይወጣም። ውሉ አዛዡ በመርከቡ ላይ የሚሰጠውን ሕክምና እንዴት ማደራጀትና መምራት እንዳለበት ማወቁን የብቃቱ ማስረጃ ክፍል አድርጎታል። የኤውሮፓ ማኅበር አገሮችም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት መመሪያ፤ አዛዡ የመድኃኒቱን አጠባበቅና አሰጣጥ ለሌላ ሰው በውክልና ሊሰጥ ቢችልም ኀላፊነቱ ከእርሱ እንደማይወርድ፤ የሠለጠኑትም ሰዎች ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ትምህርታቸውን እንዲያድሱ ደንግገዋል። ያልታደሰ ትምህርት በጭንቅ ሰዓት እንደሚጠፋ በልምድ ታውቋልና።

ለዚህ ሥራ አዛዡ ሦስት መሣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው በየጊዜው የሚመረመር የመድኃኒት ሣጥን ነው። ሁለተኛው የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው የመርከቦች የሕክምና መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ሬድዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በሮማ የተቋቋመው የሬድዮ ሕክምና ማእከል የማንኛውም አገር ሰንደቅ ዓላማ ለሚያውለበልብ መርከብ ያለ ክፍያ ምክር ሲሰጥ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በሩቅ ሆኖ የሚፈርደው መርከበኛው ባየው ነውና፤ የበሽተኛውን ትንፋሽ፤ የልብ ትርታና ትኵሳት በትክክል ለክቶ መናገር የማይችል ሰው ሬድዮ ቢኖረውም ብዙ አይጠቀምበትም።

አሁን ወደ ነጋዴው ጉዳይ እንመለስ። በመርከቡ ላይ ሊታከም ያልቻለ ሰው ሕይወቱ የሚያሰጋ ሲሆን አዛዡ መንገዱን ለውጦ ወደ ቅርቡ ወደብ ይሄዳል፤ ይህም ሊመሰገንበት የሚገባ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በብራስልስ የተፈረመው የጭነት ሰነድ ውል፤ በባሕር ላይ ሕይወት ለማዳን ከመንገድ መውጣት የውል ማፍረስ እንዳይደለ ይናገራል። እንግዲህ ዕቃው ቢዘገይ በዚህ ምክንያት መርከቡን መክሰስ ያስቸግራል። በብዙ አገር የሚሠራበት የለንደን የጭነት ኢንሹራንስ ውልም ቢሆን በመዘግየት ብቻ የሚደርሰውን ኪሣራ አይከፍልም። ስለዚህ የመዘግየቱ ኪሣራ በአብዛኛው በአስመጪው ላይ ይወድቃል። የሠለጠነ ሰው ባለበት መርከብ ግን በሽታው ገና ሲጀምር ይታወቃል፤ ቀላሉም በዚያው ይታከማል፤ መንገድ መለወጥ የሚያስፈልገውና የማያስፈልገውም ይለያል። የአዛዡ የሕክምና ትምህርት የመርከበኛውን ሕይወት የሚጠብቀውን ያህል የነጋዴውንም ቀጠሮ ይጠብቃል ማለት ነው።

ዓሣ ለሚያጠምዱ መርከቦች የተለየ ደንብ አለ። በ1978ቱ ውል ውስጥ ስላልተካተቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የራሳቸው የሥልጠና ውል ወጥቶላቸው በ2012 በሥራ ላይ ውሏል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው የዓሣ ማጥመድ ሥራ ውል፤ መርከቡ የመድኃኒት ዕቃ እንዲይዝና ከአጥማጆቹም ቢያንስ አንዱ የመጀመሪያ ርዳታ የተማረ እንዲሆን ያዛል። ይኸው ውል ግን በሐይቅና በወንዝ ላይ የሚሠሩትን ጀልባዎች አገሮች ከደንቡ ውጭ ሊያደርጓቸው እንዲችሉ ፈቅዷል። የ1978ቱ ውልም በአገር ውስጥ ውሃ ላይ ብቻ የሚሄደውን መርከብ አይመለከትም።

ነገሩ ለፎገራ ሜዳ ሰው የሚቀርበው በዚህ ላይ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ለውቅያኖስ መርከቦች የሚዘጋጁ ወጣቶች የመጀመሪያ ርዳታ ሳይማሩ ወደ ባሕር አይወጡም። ከዚያው ከጣና ዳር ተነሥቶ በሐይቁ ላይ መረብ የሚጥለውን የጀልባ መሪ ግን እነዚህ ዓለም አቀፍ ውሎች አያስገድዱትም። ጣና ደግሞ ትንሽ ውሃ አይደለም፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከገቡ ወዲህ አጥማጁ ከደንገል ታንኳ ዘመን ይልቅ ከዳር ርቆ ይሄዳል። ማዕበል፤ ጉማሬ፤ የሞተር ቃጠሎና የወባ ትኵሳት በሚያገኙት ጊዜ ሐኪም ከአጠገቡ የለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ እንደ ታየውም፤ ውሃ መንገዱን በሚዘጋበት ወቅት በሽተኛና ወላድ የሚጓጓዙት በጀልባና በታንኳ ነው። በዚያን ሰዓት የጀልባው መሪ፤ ቢያውቅም ባያውቅም፤ የሐኪም ረዳት ይሆናል።

ቆሮሶና አምባዛ የሚገዛው፤ የደረቀ ዓሣ ወደ ውጭ የሚልከውና ለአጥማጆች የመረብና የሞተር ገንዘብ የሚያበድረው ነጋዴ ከዚህ ሥራ ተካፋይ ነው። ሕግ እስኪያስገድድ ሳይጠብቅ የባሕሩን ደንብ በትንሹ ወደ ሐይቁ ሊያመጣው ይችላል። ለዚህም የሚከተሉት ይበቃሉ፤

1ኛ፤ በእያንዳንዱ የሞተር ጀልባ ከሚሠሩት አንዱ የመጀመሪያ ርዳታ እንዲማር ማድረግ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይህን ትምህርት ይሰጣል።

2ኛ፤ ውሃ የማያስገባ ሣጥን ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ፤ የቍስል ማሰሪያ፤ መቀስ፤ ጓንትና ሳሙና ማኖር፤ የጎደለውንም በየወሩ መተካት።

3ኛ፤ የቅርቡን ጤና ጣቢያ የስልክ ቍጥር በጀልባው ላይ መጻፍና ስልኩ ከውሃ የሚጠበቅበትን ማዘጋጀት።

4ኛ፤ ከውሃ የወጣ ሰው መተንፈስ ቢያቆም ዘቅዝቆ ውሃ ለማፍሰስ መሞከር ጊዜ ማባከን መሆኑን ለሁሉም ማስረዳት። የሚያድነው ወዲያው በአፉ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን ደጋግሞ መጫን ነው።

ዕቃ የሚያስመጣውም ነጋዴ በበኩሉ ስለ መዘግየት የኢንሹራንሱ ውል ምን እንደሚል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ወቅት የሚያልፍበትን ዕቃም ከሚያስፈልግበት ቀን ጥቂት ሳምንት አስቀድሞ ይዘዝ። ለሣጥኑና ለትምህርቱ የሚወጣው ገንዘብ አንድ መረብ ከሚገዛበት ብዙ የሚበልጥ አይደለም፤ መረቡን የሚጥለው ሰው ግን ከጠፋ በገንዘብ አይተካም።