ምጥ የያዛት እናት ስለምትገባበት ቤት

በዚህ ገጽ ስለ ከፋ ደንና ስለ ቡናችን ብዙ ጽፌላችኋለሁና ዛሬ ደግሞ ሐኪሙ የመሐንዲሱ ነው፣ መሐንዲሱም የሐኪሙ ነው እያሉ ስለሚተዉት ነገር፣ ይኸውም ስለ ማዋለጃ ክፍል አሠራር ጥቂት ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከመቶ ልደቶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 10 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ይህ ምስጋና የሚገባው ዕድገት ነው፤ ሆኖም እናቲቱን ከቤቷ አውጥተን ካመጣናት ዘንድ ወደ ምን ዓይነት ቤት እንዳስገባናት ልንጠየቅ ይገባል።

በቀደመው ልማድ በብዙው አገራችን ሴቲቱ ምጥ ሲይዛት በገዛ ጓዳዋ፣ ዘመዶቿ ከኋላ ደግፈዋት፣ ተንበርክካ ትወልድ ነበር፤ በክርስቲያኑም ቤት ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ እመብርሃንን ይማጸኑላት ነበር። ያ ቤት ንጽሕና የጎደለውና የሚፈሰውን ደም የሚያቆም መድኃኒት የሌለው በመሆኑ ብዙ እናቶችን አሳጥቶናልና አልናፍቀውም፤ ነገር ግን ኀፍረትን የሚሸፍን ግድግዳ፣ ሙቀትና ወገን ነበረው። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱንና የሠለጠነውን እጅ ይዞልን ሲመጣ እነዚህን ሦስቱን ከደጅ አስቀራቸው፤ አልጋው ከበሩ ትይዩ ተተከለ፣ በሩ ሰው ባለፈ ቁጥር ይከፈታል፣ ወገንም ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ማኅፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በጸጥታና በመተማመን ጊዜ በሚገባ የሚመነጭ ሲሆን፣ እናቲቱ ስትፈራ ወይም ስታፍር ግን አድሬናሊን በርክቶ ምጡን ሊያዘገየው ይችላልና፣ አልጋውን የሚከልለው መጋረጃ ለጌጥ የሚሰቀል ሳይሆን እንደ መርፌው ሁሉ የሕክምናው ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ወላዲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ በምጥ ጊዜ እንድትንቀሳቀስና የምትወልድበትንም አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ አሳስቧል። (አያቶቻችን ይህን አዲስ ግኝት ቢሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም።) እንግዲህ ለመንበርከክ የሚመች ንጹሕ ምንጣፍ፣ በእጅ የሚያዝ ጠንካራ አግዳሚ፣ ለደጋፊዋ መቀመጫ፣ ብርሃን እያስገባ መንገደኛን የማያሳይ ከፍ ያለ መስኮት፣ አዋላጇም እጇን የምትታጠብበት ውኃ በንድፉ ላይ አስቀድሞ መሣል አለበት።

በከፋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ብርዱ ከሚበረታበት ከአዲዮ ደጋ አንሥቶ ወደ ኦሞ ሸለቆ እስከሚወርደው እስከ ዴቻ ቆላ ድረስ አየሩ እጅግ እየተለያየ፣ ጤና ጣቢያዎቻችን ግን በአመዛኙ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል። ሕፃን የሚወለድበት ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ ሙቀት እንዲኖረው ይመከራል፤ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር፣ በክረምት ሌሊት፣ በደጋው ይህን መመኘት ከንቱ ነው። ደጋው ወፍራም ግድግዳና ማሞቂያ፣ ቆላው ሰፊ ጥላና ነፋስ የሚያሳልፉ ትይዩ መስኮቶች ይሻሉ።

ዝናቡ መንገዱን ሲያበላሽባት በጊዜ መድረስ ለማትችለው እናት ደግሞ የእናቶች ማቆያ ያስፈልጋታል። በጉራጌ አገር የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል በ1960ዎቹ ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ማቆያ ከፍቶ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው ከሆስፒታሉ አጠገብ እንዲቆዩ አድርጓል። በእኔ አስተያየት የማቆያው ዋና ነገር ምድጃው ነው፤ ገንፎ የማይገነፋበትና ቡና የማይፈላበት ማቆያ፣ ያውም በቡና አገር፣ ባዶውን ቢያድር አይደነቅም።

በቦንጋ ከተማም ሆነ በየወረዳው የጤና ተቋም የሥራ አመራር ቦርድ አባላት የሆናችሁ፣ ንድፍም የምትሠሩ፣ የሚቀጥለው ማዋለጃ ክፍል መሠረት ከመጣሉ በፊት ሥዕሉን ይዛችሁ በዚያ ከሚሠሩት አዋላጆችና በዚያ ከወለዱት እናቶች ጋር ተቀመጡ፤ አልጋው በየት በኩል ይሁን ብላችሁም እነርሱን ጠይቁ።