ሕፃን ይዞ የበዓል ጉዞ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ



የሃምሳ አምስት ቀኑ ጾም ተፈጽሞ የፋሲካው ደስታ ወደየቤቱ ሲገባ፣ ከበጉና ከዶሮው ወሬ ቀጥሎ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጁን የት ወስደን እናጫውተው?» የሚለው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የሚኖሩ ወላጆች የዚህ ጥያቄ መልስ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ከገመቱ ቆይተዋል። በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው አንድነት ፓርክ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ የአራት ዓመቱ ሕፃን ሳይቀር «ጥቁር ጎፈር ያለውን አንበሳ አሳዩኝ» ማለት ለምዷል። የቀደመው ትውልድ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያየው በስድስት ኪሎ የነበረውን አንበሳ ግቢ ነበር፤ ምኞቱ ያው ነው፣ ስፍራው ብቻ ተጨምሯል።

ነገሩ የቅንጦት ወሬ እንዳይመስል አንድ ጉዳይ ማስታወስ ይገባናል። ዛሬ ፊደል ለመቁጠር የደረሱት የሁለቱ ከተሞች ሕፃናት አብዛኞቹ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ በእናታቸው ማኅፀን ወይም በጀርባዋ ላይ የነበሩ ናቸው። ከመካከላቸው ብዙዎች የመጀመሪያ ጉዟቸው ሽሽት ነበር። በወላጆቻቸውም ልብ መንገድ ማለት እስከ ዛሬ ድረስ ጓዝ፣ ጥድፊያና ፍርሃት ሆኖ የቀረ ብዙ ነው። እንግዲህ ሕፃን ይዞ ለደስታ መጓዝ፣ ለእነዚህ ቤተሰቦች መንገድ የሚለውን ቃል ዳግም በጎ ትርጉም መስጠት ነው። ስለዚህም ሊታቀድና ሊታሰብበት ይገባል እንላለን።

ጉዞው ለማን ነው?

ዕቅድ ከመነደፉ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። በእኛ ዘንድ «ለልጁ ነው» ተብሎ የሚጀመር ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በዘመድ ጥየቃ፣ በገበያና በፎቶግራፍ ነው። ልጁ ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው ሶፋ እየተዛወረ «ሰላም በል፣ ሳም፣ አትንካ» ሲባል ይውልና፣ በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ ደክሞት እያለቀሰ ወደ መዝናኛው ይወሰዳል። በዚያን ጊዜ አንበሳውን ከማየት ይልቅ የእናቱን ትከሻ ይመርጣል፤ አባትም ስለ ወጪው እያሰበ ይቆጣል።

በዓለም ላይ ታላቅ ስም ያተረፈው የዲዝኒላንድ መዝናኛ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሲከፈት፣ መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ ሐሳቡ ከምን እንደ መነጨ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ሴቶች ልጆቹ በሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይመለከት ስለነበር፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ስፍራ ሊኖር ይገባል ብሎ አሰበ። ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር ስለ ማሽኑ ትልቅነት አይደለም። ለሕፃን ጨዋታው የሚጥመው አባቱና እናቱ አብረውት ሲጫወቱ ነው። ዥዋዥዌ የሚገፋ አባት ለአራት ዓመት ልጅ ከብዙ ትዕይንት ይበልጥበታል።

መንገዱንና የሕፃኑን ሰውነት ማመዛዘን

ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአዋቂ የአንድ ቀን ጉዞ ሲሆን ለሕፃን ግን ከዚያ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስረው ወይም ተወስነው እንዳይቀመጡ፣ በሃያ አራት ሰዓትም ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። ሌሊት በአሥር ሰዓት ተቀስቅሶ አውቶቡስ ላይ የተጫነ ልጅ ከሁለቱም ይጎድልበታል።

በዚህ ላይ የመንገዱ አቀማመጥ ራሱ ፈተና ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ከፍታው ወደ 1850 ሜትር ይቀንሳል። ከሚሴንና አጣዬን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ 1300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ይጠናል። ወዲያው ደብረ ሲናን ተያይዞ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ከ3000 ሜትር በላይ ይደረሳል፤ ጭጋግና ብርድ ይቀበላል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል የሚወርድና የሚወጣ ሕፃን ጆሮውን ቢያመው፣ ቢያጥወለውለውም አያስደንቅም። በሽቅቡ ላይ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ወይም ማላመጥ ለጆሮው ይረዳዋል። ሹራቡና ቀላል ልብሱ ሁለቱም በእጅ ቦርሳ እንጂ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በታሰረው ሻንጣ ውስጥ መሆን የለባቸውም።

ምግቡንም በሚመለከት፣ የፋሲካ ማግስት መንገደኛ ሁሉ ዶሮ ወጥ በልቶ ይነሣል። ቅቤና በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለሕፃን ሆድ አይስማማም። የድፎ ዳቦ ቁራሽ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ቆሎና ለውዝ ሊያንቁት ስለሚችሉ ይቅሩበት። ፖፖ፣ ፌስታል፣ ፎጣና ቅያሪ ልብስ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ያልያዘ ወላጅ ነው የሚጨነቀው።

የሚቻለው ቤተሰብ መንገዱን ለሁለት ቢከፍል መልካም ነው። ለማደር ደብረ ብርሃን ከቆላው ከተሞች ይሻላል። በቆላው ማደር ግድ ከሆነ ያለ አጎበር አይታደር፤ አካባቢው ወባ ያለበት ነውና። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ስለሆነች አቅሙ ያለው በአየር መጓዝን ያስብ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ የራሱ መቀመጫና ቲኬት እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይታወቅ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የመንገዱ ሰላም ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በነበረው የጸጥታ ችግር መንገዱ የተዘጋባቸው ቀኖች እንደ ነበሩ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ትናንት ከመጣ መንገደኛና ከሾፌሮች ሳይጠይቁ ሕፃን ይዞ መነሣት አይገባም። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ የተቆረጠ ቲኬት ይቅር። ልጁ የሚያዝነው ለአንድ ቀን ነው።

የትንሣኤ ሳምንት አቆጣጠር

የፋሲካ ሌሊት በቅዳሴ ያደረ አባት እሑድ ጧት መኪና ሊነዳ አይገባውም፤ እንቅልፍ ያጣች እናትም ሕፃን በሰው መካከል ልትጠብቅ አትችልም። ስለዚህ እሑድ በቤት ይዋል። ሰኞ ማዕዶት ነውና ዘመድ ጎረቤት ይጠየቅ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ተነሥቶ፣ ሐሙስንና ዓርብን በአዲስ አበባ ውሎ፣ ቅዳሜ በመመለስ ዳግም ትንሣኤን በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ማክበር ይቻላል። በዓለ ሃምሳ በመሆኑ የረቡዕና የዓርብ ጾም የለም፤ ወላጅም ልጅም በመንገድ አንድ ገበታ ይቀርባሉ። የአባት የሥራ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ፓርኩ በዚያ ሳምንት በየትኛው ቀን ክፍት እንደሚሆንና የመግቢያው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ በስልክ ይጣራ።

በአዲስ አበባ ለአንድ ቀን አንድ ስፍራ ይበቃል። አንድነት ፓርክ የጥንቱን የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥትና ግብር ቤት፣ የክልሎችን ማሳያና የአራዊቱን ስፍራ በአንድ ቅጥር የያዘ ስለሆነ ሁሉን ለሕፃን ማሳየት አይቻልም። ከአራዊቱ ይጀመር፤ ልጁ ከደከመ የዙፋኑ አዳራሽ ለሌላ ዓመት ይቆይ። በማግሥቱ በአቅራቢያው ወዳለው፣ በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወዳጅነት አደባባይ ቢወሰድ፣ የውኃውን ትርዒት አይቶ በሰፊው መሮጥ ይችላል። ጧት መሄድ፣ ቀትር ላይ ማስተኛት፣ ዘመድ ጥየቃውን ለአንድ ምሽት ብቻ መወሰን ይጠቅማል። ዘመድ እንዳይቀየም ይህ ከመነሻው በስልክ ይነገር።

«ከአንተ ጋር መስሎኝ!»

በዓልና ሕፃን ሲነሣ በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ ሁለት የተጻፈውን ማሰብ ግድ ነው። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ፣ ብላቴናው ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጓዙ። ከዘመድ መካከል ቢፈልጉት አጡት፤ ያገኙትም ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ ነበር። የምሥጢሩን ትርጓሜ ሊቃውንቱ ያብራሩታል። ለወላጅ ግን ግልጽ ትምህርት አለው፤ በብዙ ዘመድ መካከል ያለ ልጅ፣ ሁሉ የሚጠብቀው እየመሰለ ማንም ሳይጠብቀው ሊቀር ይችላል።

ስለሆነም በየሰዓቱ ልጁን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ በስም ይነገር። «አሁን ካንቺ ጋር ነው፤ ከቀትር በኋላ ከእኔ ጋር» መባባል ይገባል። በበዓል ሳምንት ሁሉ ነጭ ስለሚለብስ ነጭ የለበሰ ሕፃን በሕዝብ መካከል ወዲያው ይሠወራል፤ የአገር ልብሱን ለቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ ለመናፈሻው ቀይ ወይም ቢጫ ሹራብ ይልበስ። የወላጆቹ ስልክ ቁጥር በልብሱ ውስጠኛ ኪስ ይኑር። «ከጠፋህ ባለህበት ቁም፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ ወይም ልጅ የያዘች እናት ጥራ» ተብሎ ከጉዞው በፊት እንደ ጨዋታ ይለማመድ።

ሐይቅስ?

በእኛ አስተያየት ግን ለብዙ ቤተሰብ የተሻለው መልስ እዚሁ ቅርብ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የሐይቅ ከተማና ሐይቁ ይገኛሉ። ለአንድ ሰዓት ያህል የሚሄድ መኪና ለሕፃን የሚመጠን ነው። ጀልባው፣ ወፉ፣ ዓሣ አጥማጁና በውኃው ዳር የሚጋገረው ዓሣ ለአራት ዓመት ልጅ ሙሉ ዓለም ናቸው። በዚያው ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆኖ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማረ ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ፣ ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን አስቀድመው ቢያስረዷት በደጅ ላይ አታዝንም፤ አባትና ወንድ ልጅ ሲሳለሙ እናትና ሴት ልጅ በውኃው ዳር የሚጫወቱበት ነገር ይዘጋጅ። በወሎ ውኃዎች ዳር ቢልሃርዝያ የሚታወቅ በሽታ በመሆኑ ልጆች በዳርቻው ገብተው አይንቦጫረቁ፤ ጀልባ ላይም ከወላጅ እጅ አይለቀቁ።

ሕፃኑን በስእለት ግሸን ማርያም ለማድረስ የሚያስቡም አሉ። መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ እጅግ የሚበዛበትና አምባው ወጥቶ የሚደረስበት በመሆኑ፣ ለትንሽ ልጅ ግፊያው ከባድ ነው። ስእለቱ በሌላ ጸጥ ባለ ቀን ወይም ልጁ ሲጠነክር ይፈጸም ዘንድ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከበዓል በኋላ ተበድሮ መዝናናት ለልጁ አይታወቀውም፤ የወላጁ ፊት መጥቆር ግን ይታወቀዋል። የመጓጓዣ፣ የማደሪያ፣ የመግቢያና የምግብ ወጪ ተጽፎ፣ ለሕመምና ለመዘግየት የሚሆን መጠባበቂያ ተጨምሮበት፣ ከአቅም በላይ ከሆነ ሐይቅ ይመረጥ። ቤቱን የሚጠብቅ ጎረቤት በወሎ አይታጣም። በፋሲካ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ በዒድ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ደጅ መጠበቁ የኖረ ልማድ ነው።

የደሴ ስም ከደስታ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። ልጆቿም የዚህን ስም ትርጉም ከመንገድ ላይ ፍርሃት ሳይሆን ከእናትና ከአባት እጅ ይማሩት ዘንድ ምኞታችን ነው። መንገዱ የሰላም፣ መመለሻውም የጤና ይሁንላችሁ። መልካም በዓል!